አምስት ሰዓት ነው ያሉኝ መንገድ

ያን ቀን ጠዋት አዛባ እየዛቅሁ ነበር። ላሟ ሌሊቱን የጣለችውን በቅርጫት እሞላና ጓሮ ወስጄ እንሰቱ ሥር አለብሰዋለሁ። እጄ እስከ ክርኔ አረንጓዴ ሆኗል። በዚህ መሃል የባሌ ወንድም ኤርጫፎ ካፖርቱን ደርቦ፣ ባርኔጣውን አድርጎ በአጥሩ በኩል ገባ። ኤርጫፎ በጠዋት ቤቴ መጥቶ አያውቅም። እሱ የሚመጣው ምሳ ሲደርስ ነው።

«አየለች፣ እጅሽን ታጠቢ» አለኝ።

«ለምን?»

«ታጠቢና እነግርሻለሁ።»

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ይሄን ቃል ታውቁታላችሁ። ሰው በጠዋት መጥቶ እጅሽን ታጠቢ፣ ነጠላሽን ልበሺ፣ ቁጭ በይ ካለሽ አለቀ፣ መርዶ ነው። እኔም አልታጠብኩም። ቅርጫቴን እንደያዝኩ ቆሜ «እንዲሁ ንገረኝ» አልኩት።

«ቪዛው ወጥቷል። አንቺና ሜሮን ከነገ ወዲያ ትበራላችሁ። ታምራት ትኬቱን ቆርጦታል።»

ታምራት ልጄ ነው። ደቡብ አፍሪካ የሄደው ልጁ ሜሮን ጥርስ ሳታወጣ ነው። እናቷ ሌላ ትዳር ይዛ ሄደች፣ እኔ አሳደግኳት። አሁን ይሄን የምትጽፍልኝ እሷ ናት፣ ፊደል እኔ አልቆጠርኩም። ፓስፖርቱን ያወጣነው ከዓመት በፊት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ግን ዝም ብሎ ነበር። አንድ ዓመት ዝም ያለ ነገር ድንገት ከነገ ወዲያ ሲሆን ሰው አይጠረጥርም ወይ?

«ምን አቻኮለው?» አልኩት።

«ትኬት እንደዚህ ነው» አለና ባርኔጣውን አወለቀ። ባርኔጣ ያወለቀበትን ምክንያት ግን አልነገረኝም።

በግልጽ ልንገራችሁ፣ ይሄን ሥራ እኔም ሠርቼዋለሁ። ፎንቆ ላይ አንዲት እናት ነበረች፣ ልጇ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ሱቁ ውስጥ በጥይት ተመቶ ሞተ። ገበያ ላይ እያለች አገኘናትና «የእህትሽ ልጅ ሰርግ ተቆርጧል፣ ነይ እንማከር» ብለን ባጃጅ ውስጥ አስገባናት። እኔ ነኝ ጎኗ የተቀመጥኩት። መንገድ ላይ እንጀራ አበላናት፣ መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርማ። ቤቷ ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ሕዝቡ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ስለዚህ እኔን ማንም አያታልለኝም። ሆሳዕና ውስጥ ስንት አስከሬን ከቦሌ መጥቶ ሲወርድ አይቻለሁ። ለእናት መቼ በስልክ ይነገራል?

ሜሮንን «ለአባትሽ ደውዪልኝ» አልኳት። ደወለች፣ አያነሳም። ከሰዓት በኋላ በድምፅ ላከ። «አማ፣ ጃኬት ያዢ፣ እዚህ ብርድ ነው» ይላል። አማ ማለት እኛ ጋ እናት ነው። እኔ የጠየቅኩት ደህና ነህ ወይ ብዬ ነው፣ እሱ ስለ ጃኬት ይመልሳል። አዲሎ ላይ አንድ ቤተሰብ የሞተ ልጅ ድምፅ ከስልክ እያወጣ ለእናቱ ሲያሰማት እንደከረመ ሰምቼ ነበር። ደግሞም ደቡብ አፍሪካ ሞቃት ነው ሲሉ ነው የኖሩት። ብርድ ነው የሚለው ከየት መጣ?

ሌላም አለ። የግብዣው ወረቀት በታምራት ስም አልነበረም። ሜሮን ስታነብልኝ ደሳለኝ ይላል። ደሳለኝ የዳምቦያ ልጅ ነው፣ የታምራት ጓደኛ። ልጄ እያለ ለምን ጓደኛው ይጠራኛል? ብዬ ኤርጫፎን ጠየቅኩት። «የደሳለኝ ወረቀት ሙሉ ስለሆነ ነው» አለ። የማን ወረቀት ነው ጎዶሎ? አልኩት። ሳል ያዘው።

ጎረቤቴ ዘይነባ ሱቅ አላት፣ ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር የኖርን ነን። ልሰናበታት ስገባ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው።»

«ሱቅ ውስጥ?»

ዞር አለችና ብስኩት አውርዳ በፌስታል ጨመረችልኝ። «መንገድ ላይ ብዪ» አለችኝ። ይኸው፣ እሷም ልታበላኝ ነው። ዘይነባም ታውቃለች ማለት ነው አልኩ በሆዴ።

ኤርጫፎ እስከ አዲስ አበባ ሸኘን። ሚኒባሱ ውስጥ ጎኔ ተቀመጠ። ያቺን የፎንቆዋን ሴት እኔ እንዳቀፍኳት፣ ልክ እንደዚያው በአንድ ክንዱ ደገፍ አርጎኛል። ቡታጅራ ስንደርስ «ብዪ እንጂ» አለኝ። አልበላም አልኩት። «ውሃስ?» ውሃም አልጠጣም። ሜሮን የኔንም የራሷንም በላች። ከሆሳዕና አዲስ አበባ አምስት ሰዓት ፈጀብን፣ ወገቤ ተቆረጠ። አምስት ሰዓት የምትለዋን ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ እሷው ላይ ነው።

በነጋታው አይሮፕላን ላይ ወጣን። የማያምን ሰው አይሮፕላን ላይ አይውጣ፣ ምክንያቱም መውረጃ የለውም። ከፊታችን ወንበሩ ጀርባ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን አለ። ሜሮን ነካካችውና ካርታ አወጣች። ትንሽ አይሮፕላን ካርታው ላይ ተቀምጣለች።

«አማ፣ ይኸው! ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላል።»

«ስንት ቀን ነው?»

«ቀን ምን ያደርጋል? አምስት ሰዓት ከምናምን።»

«ከሆሳዕና አዲስ አበባስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«ሁለት መቶ ሠላሳ ገደማ።»

«ስንት ሰዓት ፈጀብን ትናንት?»

«አምስት።»

«እና?»

«እና ምን?»

«እና ደቡብ አፍሪካ የቡታጅራን መንገድ ያህላል ነው የምትዪኝ?»

«አማ፣ አይሮፕላን እኮ ይፈጥናል!»

«የሚፈጥን ነገር ይታወቃል። ሚኒባስ ሲፈጥን ዛፉ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ሆድ ይገላበጣል። ይሄ ቆሟል። ክንፉን እይው፣ እንኳን ሊበር አይንቀሳቀስም።»

ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጄ ይሄን መንገድ በእግሩና በመኪና ስድስት ወር ነው የሄደው። ደላላ ወሰደው። ሞያሌን ተሻገርኩ ብሎ ደወለ። ከዚያ ኬንያ፣ ከዚያ ታንዛኒያ ተይዞ ታሰረ፣ ከዚያ ማላዊ ላይ ሐይቅ በጀልባ ተሻገረ፣ አብሮት የነበረ ልጅ እዚያ ታሞ ቀረ። በየደረሰበት ስልክ እየለመነ ሲደውል እኔ ደግሞ በየጊዜው አልቅሻለሁ። ስድስት ወር እንዴት ብሎ አምስት ሰዓት ይሆናል? ሰው ስድስት ወር የሄደበትን አገር እኔ ተቀምጬ እደርሳለሁ?

«አሁን ኬንያ ላይ ነን» ትላለች ሜሮን። በዚያው ሰዓት አስተናጋጇ ጋሪ እየገፋች መጣች።

«እማማ፣ ዶሮ ነው ፓስታ?»

ልጄ እኮ ኬንያ ውስጥ ሳር ውስጥ ተኝቶ ሦስት ቀን ምግብ አላየም። «ምንም አልፈልግም» አልኳት።

«እማማ፣ ትንሽ ቢቀምሱ ጥሩ ነው።»

ይኸው፣ እዚህም አይለቁኝም። ሰማይ ላይ ድረስ መጥተው ያበሉኛል። ከሜሮን ላይ ግን ትንሽ ዳቦ ቆረስኩ፣ ረሃቡን አልቻልኩትም። እያላመጥኩ ሳለ «አሁን ታንዛኒያ ገባን» አለችኝ። ዳቦውን ስጨርስ ታንዛኒያ ሊያልቅ ነው። እስር ቤቱ የት ነው ብዬ በመስኮቱ አየሁ። ጥጥ የመሰለ ደመና ብቻ ነው። ማላዊ ስትል ደግሞ ተኛሁ። ስነቃ «ደረስን» አለች።

በዚያን ጊዜ ነው ቁርጡን ያወቅኩት። ደቡብ አፍሪካ አይደለም የወሰዱኝ። አርባ ምንጭ ወይ ሌላ ቅርብ ቦታ ነው፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚጠብቀኝ ቦታ። ይባስ ብሎ ሜሮን የስልኳን ሰዓት አሳየችኝ። «አማ፣ እዚህ ሰዓቱ ከእኛ በአንድ ወደ ኋላ ነው።» ሰዓት ወደ ኋላ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። አንድ ሰዓቴን ማን ወሰደው? የጎደለ ነገር ካለ የተደበቀ ነገር አለ።

ፓስፖርት የምታየዋ ሴትዮ መስታወት ውስጥ ተቀምጣለች። ጸጉሯ እስከ ወገቧ ተሠርቷል፣ ጥፍሯ እንደ ንስር ረዝሟል። ሜሮን ትምህርት ቤት በተማረችው እንግሊዝኛ ታስተረጉምልኛለች።

«ለምን መጣሽ ትላለች።»

«ልጄን ላይ። ካለ።»

ሜሮን አፈጠጠችብኝ። «ካለ ብዬ አልነግራትም!»

«ንገሪያት። ካለ በያት።»

የሆነች ነገር ተናገረች። ሴትዮዋ ደግሞ ጠየቀች።

«ምን ያህል ጊዜ ትቆያለሽ ትላለች።»

«እሱ በእነሱ ነው እንጂ በእኔ ነው? እነሱ ጋ ለቅሶ ስንት ቀን እንደሚቀመጡ እኔ በምን አውቃለሁ? እኛ ጋ ሰው እንደ ክብሩ ነው። ልጄ ደግሞ የሰው ልጅ ነው፣ የትልቅ ሰው ልጅ፣ ለቅሶው እንደ ውሻ በአንድ ቀን አይነሳም በያት።»

ሜሮን ሁለት ቃል ብቻ ተናገረች። ይሄን ሁሉ ተናግሬ ሁለት ቃል! የቀረውን የት አደረገችው? ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ማኅተሙን መታችው። ሰው ለቅሶ ሲመጣ ፈገግ ይባላል?

ሻንጣችንን ይዘን ወጣን። ትልቅ አዳራሽ ነው፣ ሕዝቡ ገመድ ጀርባ ቆሟል። የእኛ ሰው ብዙ አለ፣ ፊቱን አውቀዋለሁ፣ የሆሳዕና ፊት፣ የዱራሜ ፊት። እና ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር የሱፍ ኮፍያ። አሁን ሳውቀው እዚህ በሐምሌ ክረምት ነው፣ ሁሉም ሰው ጥቁር ጃኬት ነው የሚለብሰው። ያኔ በምን ላውቅ? አንድ ልጅ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ወደ እኔ መጣ፣ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ደሳለኝ ነኝ። እንኳን ደህና መጡ።»

«ታምራትስ?»

«መኪና ሊያቆም ነው፣ አሁን ይመጣል።»

አሁን ይመጣል። ለፎንቆዋ ሴት እኛም ያልናት ይሄንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ራሴን አላውቅም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ደረቴን መታሁ። በሃዲይኛ ጀመርኩ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ ልጄን በስሙ እየጠራሁ፣ አምላኬ፣ የአባቱን ሞት ሳልጨርስ የእሱን ጨመርክብኝ እያልኩ። ሜሮን ክንዴን ትጎትታለች። «አማ፣ ኧረ አላህም እግዜርም ይወቁት፣ አልሞተም!» ትላለች። ልጅ ምን ያውቃል? ከልጅም ይደበቃል።

የእኛን ሰው ግን ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ከተሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ የማን ነው የሚባለው በኋላ ነው። አንዲት የዱራሜ ሴት ለራሷ እንግዳ አበባ ይዛ ቆማ ነበር፣ አበባውን መሬት ላይ ጥላ እኔ ጋ መጣችና አብራኝ ጀመረች። በከምባትኛ ነው የምታለቅሰው፣ ግን ለቅሶ ሁሉም ይገባዋል። ሁለት ወንዶች ኮፍያቸውን አውልቀው አጎነበሱ። አንድ ሽማግሌ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለ ራሱ ያነባል። በአንድ ጊዜ አሥር አሥራ አምስት ሰው ሆንን። ደሳለኝ መሃል ቆሞ «ኧረ ስሙኝ» ይላል፣ ማን ይሰማዋል? እሱም መጨረሻ ላይ አለቀሰ።

ዘበኛዋ መጣች፣ ወፍራም ሴት፣ ሬዲዮ ይዛለች። ሜሮን እያስተረጎመች፦

«ምን ጠፋባት ትላለች።»

«ልጄ!»

«ሻንጣ ከሆነ ቢሮው በዚያ በኩል ነው ትላለች።»

«ሻንጣ አይደለም በያት! ሻንጣማ ይኸው!»

ዘበኛዋ ሻንጣውንም እኔንም አየች። ከዚያ እጇን ኪሷ ከታ መሐረብ አወጣችና ሰጠችኝ፣ ጀርባዬንም መታ መታ አረገችኝ። የማታውቀኝ ሴት ናት። እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ከበሩ በኩል አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ቁልፍ በእጁ ነው። ሕዝቡን አየ፣ እኔን መሃል ላይ አየኝ፣ ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። «አማ!» አለና መሬት ላይ ተዘረፈጠ። እግሬን ያዘ።

«ማነው? ማነው የሞተው? ኤርጫፎ ነው? ንገሩኝ፣ ማነው?»

ድምፁን ሰማሁት። ከስልክ አይደለም። ጎንበስ ብዬ ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ ቀና አደረግሁት። አርጅቷል፣ ጢሙ ውስጥ ሽበት አለ። የኔው ነው።

«አንተ ነህ» አልኩት።

«እ?»

«የሞትከው አንተ ነህ።»

የዱራሜዋ ሴት እንባዋን እየጠረገች መሳቅ ጀመረች። «ወይ ጉድ! ሰውየው ቆሞ እየሄደ ነው ያስለቀሳችሁኝ? አበባዬን!» ትላለች። ሽማግሌውም ሳቀ፣ ደሳለኝም። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ግን ታምራት አልተነሳም። ክንዱን ብይዘውም አልተነሳም። ግንባሩ እግሬ ላይ ነው፣ ያለቅሳል።

«ተነስ ልጄ፣ ማንም አልሞተም።»

«አባዬ ሞቷል» አለኝ። «እኔ አላለቀስኩትም። ሱቅ ውስጥ ቆሜ ዳቦ እየሸጥኩ ነው የነገሩኝ። ተይኝ ትንሽ፣ አማ። ለእሱ ይሁንልኝ።»

አባቱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አልመጣም ነበር። ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀና ጎኑ ተቀመጠ፣ መሬቱ ላይ፣ ያ የሚያበራ መሬት ላይ። የዱራሜዋ ሴት ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ጀመረች። ተቀምጠን አለቀስነው። ዘበኛዋ ሻንጣ የሚገፉትን ሰዎች በሌላ በኩል እለፉ እያለች ከዳር ቆመች።

መኪና ውስጥ ገብተን እጄን ከእሱ ላይ አላነሳሁም። በግ ሲገዛ እንደሚዳሰስ ዳሰስኩት። ጣቶቹን ቆጠርኩ። ጎኑን ጫን ጫን አረግኩት። ከጆሮው ጀርባ እጄ አንድ ነገር አገኘ፣ እንደ ገመድ ያበጠ ጠባሳ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ወድቄ ነው።»

«ሰው በጆሮው ጀርባ ይወድቃል?»

ደሳለኝ መኪናውን እየነዳ ስለ መንገዱ ማውራት ጀመረ። አያችሁ፣ ጥርጣሬዬ ሙሉ ለሙሉ ውሸት አልነበረም።

የሚኖርበትን የድሃ ሰፈር ሎኬሽን ይሉታል። ቤቱ ከሰው ግቢ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሱቁን ስፓዛ ይሉታል። ልጄ ፍርግርግ ብረት ውስጥ ሆኖ ነው የሚሸጠው፣ እጅ በምታሾልክ ቀዳዳ። ሳየው እስረኛ ልጠይቅ የመጣሁ ነው የመሰለኝ። ዘይነባ ሱቋን ለልጆች ክፍት ትታ ሰላት ትሄዳለች፣ እዚህ ግን ብረቱ በቀንም አይከፈትም። ምግባቸው ፓፕ ይባላል። ገንፎ ነው፣ ነገር ግን መሃሉ ቅቤ የለውም፣ ወላጅ የሞተበት ገንፎ። ብርዱ ደረቅ ነው። እኛ ጋ ሐምሌ ሲበርድ ዝናብ አለ፣ እንሰቱ ይጠጣል፣ ምክንያት አለው። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ ያይሻል። ሰላምታቸውን ግን ወድጄዋለሁ። የማያውቁኝ ልጆች ጎጎ ይሉኛል፣ አያት ማለት ነው አሉኝ። መጀመሪያ ለምን ይጠሩኛል ብዬ ቦርሳዬን አጥብቄ እይዝ ነበር።

በነጋታው ጠዋት ከሆሳዕና ያመጣሁትን ቆጮ ፈታሁ፣ ጠቅልዬ በደንብ አጥብቄ ነው ያመጣሁት። አከራዩ መጣ። ላንድሎርድ ይሉታል፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰውዬ። አፍንጫውን ይዞ ቆመ። ታምራት እየሳቀ አስተረጎመልኝ።

«እዚህ ቤት ምን ሞተ ይላል።»

እዚህ አገር ሰው ሁሉ ማን ሞተ፣ ምን ሞተ ነው የሚለው! «ምግብ ነው በለው» አልኩት።

«ምግብ ከሆነ ለምን ቀበራችሁት ይላል።» ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቀመጥ ታምራት ነግሮት ኖሯል።

«ቀብረን እናወጣዋለን በለው። እናንተ ቀብራችሁ ስለማታወጡ ነው።»

ይሄን አላስተረጎመለትም። ብቻ ቁራሽ ጋግሬ በጎመን ሰጠሁት። ወደ ብርሃን አውጥቶ ገለባብጦ አየው። በላ። ሁለተኛ አልጠየቀም፣ ግን አፍንጫውን ለቀቀ።

እሱ ሲሄድ ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኩት። ሌሊቱን ሳሰላስለው ያደርኩት ነገር ነበር።

«ታምራት፣ መንገዱ አምስት ሰዓት ነው?»

«አምስት ሰዓት ከምናምን ነው፣ አማ።»

«ያኔም አምስት ሰዓት ነበር? አባትህ ሲሞት?»

«ያኔም።»

«አባትህን እኮ አንድ ቀን አሳድረነዋል። እስክትመጣ ብዬ ኤርጫፎን ለምኜ። ጠዋት ብትነሳ ለቀብር ትደርስ ነበር ማለት ነው።»

«እደርስ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ወረቀቴ እዚህ ቆይ ይላል እንጂ ሂድና ተመለስ አይልም። ከወጣሁ ወጣሁ ነው። እንደገና ልምጣ ብል ያው የድሮው መንገድ ነው፣ ሞያሌ፣ ጫካው፣ ጀልባው። ለእኔ አሁንም ስድስት ወር ነው፣ አማ። ያውም ከተረፍኩ።»

«አይሮፕላኑ ወረቀትህን በምን ያውቃል?»

«ከአይሮፕላኑ በፊት የሚጠይቅ ሰው አለ።»

ግብዣው በደሳለኝ ስም የሆነውም ለዚህ ነው። ገባኝ። ሙሉ ለሙሉ አመንኩት ግን አልላችሁም። የሚደብቀኝ ነገር አለ፣ ያን ጠባሳ ማን እንዳደረገበት እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ሳየው ግን ብስኩት በሚያቀብልባት ቀዳዳ እጁ ወጥቶ ይመለሳል፣ እሱ አይወጣም። ወረቀት ማለት ይሄ ከሆነ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ለካ እኛ ይሄን ስናወራ ሆሳዕና ሌላ ነገር ሆኗል። ስንደርስ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ እዚህም በየሰዓቱ ይጠፋል፣ ስልካችን ሞቷል። ሲመጣ ሜሮን ለኤርጫፎ ደወለች፣ አያነሳም። ለዘይነባ ደወለች። ስልኩ ሲነሳ የብዙ ሰው ጫጫታ ነው።

«ዘይነባ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ዋይ አለች። «የታምራት እናት! አላህ ያጽናሽ እህቴ! ምን ብዬ ላጽናናሽ!»

«በማን?»

«በልጅሽ ነዋ!»

«ልጄ ይኸው ሻይ እየጠጣ ነው።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጎኗ ላለ ሰው ስትናገር ሰማኋት፦ «ምስኪን፣ አእምሮዋን ነካት።»

ከአዳራሹ ሰው አንዱ፣ ገና ለቅሶው ሳይበርድ፣ ወደ አገር ቤት ደውሎ ኖሯል። የአየለች ልጅ ሞቶ እናቱ ኤርፖርት ላይ ተረዳች ብሎ። ወሬው እኛ ቤት ሳንደርስ ሆሳዕና ደርሷል፣ ከአይሮፕላንም ይፈጥናል። እድሩ ድንኳን ተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ኤርጫፎ መሃል ተቀምጧል።

ሜሮን ምስል ያለውን አደረገችው። ስልኩ ላይ ድንኳኑን አየሁት፣ የኔ ግቢ ውስጥ፣ ከእንሰቴ ፊት። ታምራትን አጠገቤ አስጠጋሁት። ኤርጫፎ ስልኩን አፍንጫው ላይ አስጠግቶ አየ።

«ይሄ የድሮ ቪዲዮ ነው» አለ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ!» አለው ታምራት።

«ከሆንክ እጅህን አንሳ።» አነሳ። «ግራውን!» ግራውን አነሳ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ጮኸ፦ «ይሄን ማንም ያደርገዋል፣ ዘሩን ይቁጠር!»

ልጄ ሻዩን አስቀመጠ። ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ጀመረ። «ታምራት የሎምቢሶ፣ ሎምቢሶ የኤርሲዶ፣ ኤርሲዶ የሃንዲሶ...» እያለ ወደ ላይ ወጣ። አባቱ ማታ ማታ ያስቆጥረው ነበር፣ ሲሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። አንድም አልሳተም። ድንኳኑ ውስጥ ዝም ብለው ሰሙት፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ እልልታው ስልኩን አንቀጠቀጠው። ኤርጫፎ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

ጫጫታው ሲበርድ ዘይነባ ስልኩን ይዛ ወደ አጥሩ ዳር ወጣች፣ ብቻዋን። ፊቷ ሙሉ ስልኩን ሞላው። ዓይኗ እንደገና ቀልቷል።

«ሽንኩርት ነው እንዳትዪኝ» አልኳት።

«ያን ቀን ያለቀስኩት ላንቺ ነው፣ አንቺ ሞኝ። ማን አለኝ ካንቺ ሌላ?» አለችኝ። ከዚያ «መንገዱ እንዴት ነበር? ደከመሽ?» አለች።

«ምን ይደክማል፣ አምስት ሰዓት ነው» አልኳት።

«ስንት?»

«አምስት።»

ስታሰላ አያታለሁ፣ ሱቅ የያዘ ሰው ስለሆነች በከንፈሯ ነው የምታሰላው። ታምራት አጠገቤ መሆኑን እያየች፣ እየሰማት፣ እንዲህ አለችኝ፦

«እንግዲያ እሁድ ይምጣና ምሳ በልቶ ይመለስ። ድንኳኑን አታንሱ እላቸዋለሁ።»